ሐረጉ ከስዕል ወደ ላሜራ

በምሠራበት የአርክቴክቸር ቢሮ ጌጥ ያለበት ሥራ ሲመጣ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይላካል። የግቢ በር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የፀሐይ መከለያ፣ የስም ሰሌዳ፤ እነዚህ ሁሉ መጀመሪያ በሠዓሊ ወይም በግራፊክ ባለሙያ እጅ በኢሉስትሬተር ወይም በኮረል ድሮው የሥዕል ፕሮግራም ይሣላሉ። ከዚያ እኔ ወደ ንድፍ ማውጫው ፕሮግራም ወደ አውቶካድ አስገብቼ ከሕንፃው ንድፍ ጋር አስማማቸዋለሁ፤ ለላሜራ ቆራጩም አዘጋጃቸዋለሁ። ብዙ ሰው «ፋይሉን በዲደብሊውጂ፣ በአውቶካድ የፋይል ዓይነት፣ አስቀምጦ መላክ ነው፤ ሌላ ምን ሥራ አለው?» ይላል። ሥራው ያለው ግን እዚያው ላይ ነው። ጌጡ ውበቱን የሚያጣውም የሚጠብቀውም በዚህ መሸጋገሪያ ላይ ስለሆነ፣ ከምሠራቸው ሥራዎች ሁሉ አብልጬ የምጨነቅለት ይኸው ነው።

ለምሳሌ የምወስደው የአንድ መኖሪያ ቤት የግቢ በር ነው። ባለቤቶቹ ከብራና መጻሕፍት ሐረግ ተወስዶ በበሩ ሁለት ክንፎች ላይ በ3 ሚሊሜትር ላሜራ ተፈልፍሎ እንዲወጣ ፈለጉ። በግዕዝ መጻሕፍት ገጽ ራስጌና ዳርቻ ላይ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ የሚሄደውን ይህን ጌጥ ያላየ የለም። በ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያና በ16ኛው መጀመሪያ ላይ በጉንዳ ጉንዶ ገዳም የተጻፉት መጻሕፍት በተለይ በሐረጋቸው የታወቁ ናቸው። ሠዓሊዋ ጌጡን ከፎቶግራፍ ላይ በእጇ እየተከተለች ሣለችው። ፕሮግራሙ ፎቶግራፉን በራሱ ወደ መስመር እንዲለውጠው ማዘዝ ትችል ነበር፤ አለማዘዟ ትክክል ነው። ፕሮግራሙ የብራናውን መጨማደድ፣ የቀለሙን መፍሰስና የዘመናቱን እድፍ ከሐረጉ ለይቶ አያውቅም፤ ሁሉንም እኩል መስመር ያደርገዋል። አንድ ኩርባ በሦስት ነጥብ የሚያልቅበት ቦታ ላይ በርካታ ነጥቦችን ይደረድራል። የጸሐፊው እጅ በአንድ ትንፋሽ የሳበውን መስመር በአንድ ትንፋሽ መልሶ መሳብ የሚችለው ሰው ነው።

የእሷ ፋይል በእሷ ኮምፒውተር ላይ ሲታይ እጅግ ያምራል። ፕሮግራሞች ንድፍ ወደሚለዋወጡበት የፋይል ዓይነት፣ ወደ ዲኤክስኤፍ፣ እንዳለ ተለውጦ በአውቶካድ ሲከፈት ግን የሚታየው ሌላ ነው። 14 ሚሊሜትር ስፋት የነበረው ሐረግ አንዲት ቀጭን የመሐል መስመር ሆኗል። አንዱ ሐረግ በሌላው ሥር የሚያልፍ መስሎ እንዲታይ ተደርቦ የነበረው ነጭ ቅርጽ ራሱን የቻለ መስመር ሆኖ ወጥቷል። ከተወሰነ ቅርጽ ውጭ ያለውን በሚደብቀው በክሊፒንግ ማስክ ተሸፍኖ የነበረው ትርፍ ጫፍ ሁሉ ከበሩ ፍሬም ውጭ ተዘርግቷል። ሠዓሊዋ አጠገቤ ተቀምጣ ስክሪኑን ስታይ ደነገጠች። «ነጩ ለምን መጣ? ነጩ እኮ የለም፤ ባዶ ቦታ ነው» አለችኝ። ለዓይን ባዶ ነው፤ ለማሽኑ ግን መስመሩ ነጭም ሆነ ጥቁር ያው መስመር ነው።

ነገሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ይመስለኛል። ኢሉስትሬተር ውስጥ መስመር የሚታይ ነገር ነው፤ ውፍረት አለው፣ ቀለም አለው፣ ከላይ ወይም ከታች ይደረባል። አውቶካድ ውስጥ መስመር ስፍራ ነው፤ ከዚህ ነጥብ እስከዚያ ነጥብ። ውፍረት ቢሰጠውም ውፍረቱ ወረቀት ላይ ሲታተም ለመታየት ያህል ነው እንጂ ልኬት የለውም። መቁረጫ ማሽኑ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ መስመር ትእዛዝ ይሆናል፤ እሳቱ በዚህ በኩል ይለፍ ማለት ነው። ስለዚህ ፋይሉ ከሠዓሊው እጅ ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሆነ መወሰን አለበት። ይህን ውሳኔ ኤክስፖርት የሚለው ትእዛዝ አይወስንልንም፤ የማሽኑ ሠራተኛም እንዲወስን መጠበቅ ተገቢ አይደለም። ሐረጉን የሚያውቀው እሱ አይደለምና።

እኔና ሠዓሊዋ ዋናውን ፋይል ሳንነካ ቅጂ አወጣንና በቅጂው ላይ ሠራን። መጀመሪያ አውትላይን ስትሮክ በሚለው ትእዛዝ ውፍረት ያላቸውን መስመሮች ሁሉ ግራና ቀኝ ዳርቻ ወዳለው ቅርጽ ለወጥን። ማስኮቹን ፈታን፤ ከፍሬሙ ውጭ የቀረውን ፓዝፋይንደር በሚባለው መሣሪያ ቆረጥን። ነጮቹን ቅርጾች ወደ መጣያ ከመጣላችን በፊት ግን እያንዳንዳቸው ምን ለማሳየት እንደተቀመጡ ቆም ብለን ማየት ነበረብን፤ ምክንያቱም የሐረግ ነፍሱ ያለው መጠላለፉ ላይ ነው። ላሜራ ደግሞ ላይና ታች የለውም፤ አንድ ዝርግ ነገር ነው። ሁሉን በአንድ አዋህደን ብንቆርጠው መጠላለፉ ጠፍቶ ተራ መረብ ይሆናል። ነጩን ተከትለን በየመገናኛው ብንቆርጠው ደግሞ በሥር የሚያልፈው ሐረግ ከላይኛው ጋር የሚያያዝበት ነገር አጥቶ ይወድቃል።

ያገኘነው መፍትሔ ይህ ነው። በሥር የሚያልፈው ሐረግ ላይኛውን በሚነካበት በእያንዳንዱ ቦታ ከሁለቱም ዳርቻ ወደ ውስጥ 4.5 ሚሊሜትር የሚገባ ስንጥቅ አደረግን፤ በመሐል 5 ሚሊሜትር አንገት ተረፈ። ስንጥቆቹ የላይኛውን ሐረግ ዳርቻ ተከትለው ስለሚሄዱ ላይኛው ሳይቋረጥ ያልፋል፤ የታችኛው የተቋረጠ ይመስላል። ከሁለት እርምጃ ርቀት ያየው ሰው አንዱ በአንዱ ሥር ሲገባ ያያል፤ ብረቱ ግን ከዳር እስከ ዳር የተያያዘ ነው። ይህን ስንጥቅ ለማስቀመጥ የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሆነ ሐረጉን ከመነሻው እስከ መድረሻው በጣት መከተል ያስፈልጋል። ከላይ፣ ከታች፣ ከላይ፣ ከታች እያለ ይሄዳል፤ አንድ ቦታ ላይ ከተሳተ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይፋለሳል። እሷ ጣቷን ፎቶግራፉ ላይ አድርጋ እየነገረችኝ እኔ ምልክት አደረግሁ። በሥራው ውስጥ ይበልጥ የተደሰትኩበት ሰዓት ይህ ነበር።

ወደ ልኩ ልምጣ። በአውቶካድ 1 ማለት 1 ብቻ ነው፤ ሚሊሜትር ይሁን ሜትር ወይም ኢንች የሚወስነው ሠሪው ነው። ኢሉስትሬተር በበኩሉ ከውስጥ የሚቆጥረው በፖይንት ነው፤ በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ25.4 ሚሊሜትር ውስጥ 72 ፖይንት አለ። ሌሎች ፕሮግራሞች በአንድ ኢንች 96 ፒክስል ይቆጥራሉ። ኢንክስኬፕ የሚባለው ነፃ የሥዕል ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 0.92 እትም በፊት 90 ነበር የሚቆጥረው፤ ስለዚህ በድሮ እትም የተሣለ ፋይል ዛሬም ሌላ ልክ ይዞ ይመጣል። ፋይሉ ሲሻገር ቁጥሩ ብቻ ይሻገርና የቁጥሩ መለኪያ ወደ ኋላ ይቀራል። በሩ 2 ሜትር መሆን ሲገባው 5669 ሆኖ ይገኛል።

ለዚህም አብረውኝ የሚሠሩትን ሠዓሊዎች ሁሉ አንድ ነገር አስለምጃቸዋለሁ። ከጌጡ ውጭ፣ በፋይሉ ጥግ ላይ፣ 100 ሚሊሜትር በ100 ሚሊሜትር የሆነች ካሬ ይሥላሉ። ፋይሉ አውቶካድ ውስጥ ሲከፈት መጀመሪያ የምለካው እሷን ነው። 283.46 ካነበብኩ ቁጥሩ በፖይንት ነው የመጣው። 377.95 ከሆነ በ96 ፒክስል፣ 354.33 ከሆነ ከድሮው ኢንክስኬፕ፣ 3.937 ከሆነ በኢንች። ከዚያ ሁሉንም መርጬ ስኬል የሚለውን ትእዛዝ በሪፈረንስ አማራጩ እጠቀማለሁ፤ የካሬዋን ሁለት ማእዘን ነክቼ 100 ብዬ እጽፋለሁ። በዓይን ግምት «ሦስት እጥፍ ያህል ተልቋል» ብለው በ3 የሚያካፍሉ አሉ። ከፖይንት የመጣውን 2 ሜትር በ3 ቢያካፍሉት 1 ሜትር ከ89 ሳንቲሜትር ያገኛሉ፤ በሩ ከፍሬሙ 11 ሳንቲሜትር ያንሳል ማለት ነው። የሕንፃ ፊት ለፊት ጌጥ ሲሆን ካሬዋ ይበልጥ ትጠቅማለች። የኢሉስትሬተር መደበኛ ሸራ 5.8 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚያበቃ ሠዓሊው በአንድ አሥረኛ ሊሥል ይችላል፤ ካሬዋ አብራ ካነሰች አብራ ታድጋለች።

አሁን ስለ ኩርባዎቹ ልናገር። ኢሉስትሬተር ውስጥ ያለ ኩርባ ሁሉ የቤዚዬ ኩርባ ነው፤ ሁለት ጫፍና ሁለት የሚጎትቱ እጀታዎች ያሉት። እነዚህን ኩርባዎች ሠዓሊዎች የፈጠሯቸው ይመስለን ይሆናል። የተወለዱት ግን በመኪና ፋብሪካ ነው። ፖል ደ ካስተልዦ እ.ኤ.አ. በ1959 በሲትሮይን ኩባንያ ሲሠራ ስሌቱን ደረሰበት፤ ኩባንያው በምስጢር ያዘው። በሬኖ ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ፒየር ቤዚዬ በ1960ዎቹ ለብቻው ደርሶበት ለዓለም አሳወቀውና በስሙ ተጠራ። የመኪና አካል ቅርጽ በቁጥር ተገልጾ ማሽን እንዲያወጣው ነበር የተፈለገው። ኢሉስትሬተር የመጣው በ1987 ነው፤ አውቶካድና ዲኤክስኤፍ ከእሱ አስቀድመው በ1982 ወጥተዋል። እኔ የሠዓሊዋን ኩርባ ወደ ብረት መቁረጫ ሳመጣ እንግዳ ነገር ወደ ባዕድ ቤት እያስገባሁ አይደለም፤ ኩርባው ወደተነሣበት ሙያ ነው የሚመለሰው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሥራው የበለጠ ይጥመኛል።

ችግር የለም ማለት ግን አይደለም። በቤዚዬ ኩርባ ትክክለኛ ክብ መሥራት አይቻልም። ኢሉስትሬተር ክብ የሚለን ነገር አራት ኩርባዎች ተገጣጥመው ክብ የመሰሉት ነው። መዛነፉ ከሬዲየሱ 0.027 በመቶ ገደማ ነው፤ ግማሽ ሜትር ሬዲየስ ባለው ክብ ላይ 0.14 ሚሊሜትር ይሆናል። ለግቢ በር ይህ ምንም ማለት አይደለም። የሚጎዳው ሌላ ነው፤ ያ ክብ አውቶካድ ውስጥ ሲገባ መሐል የለውም። መሐሉን ልያዝ ብል የምይዘው ነጥብ የለም፤ ሬዲየሱን ልጻፍ ብል አይቀበለኝም፤ ማጠፊያው የሚገባበትን ቀዳዳ ከእሱ ተነሥቼ ልለካ አልችልም። ስለዚህ በጌጡ ውስጥ በእርግጥ ክብ የሆነውን በክብ፣ ቅስት የሆነውን በአርክ እንደገና እሥለዋለሁ። የመጣውን መስመር በአንድ ሌየር፣ ማለትም ለብቻው በሚቆለፍ ንጣፍ፣ ላይ ቀለም ሰጥቼ እቆልፈዋለሁ፤ አዲሱን በላዩ አወጣለሁ። ክብ ያልሆነውን፣ በእጅ የተሳበውን ኩርባ ግን እንዳለ እተወዋለሁ።

ላሜራ የምናስቆርጥበት ወርክሾፕ ፕሮግራም የሚቀበለው የዲኤክስኤፍን አር12 እትም ነው። አር12 እ.ኤ.አ. የ1992 ነው፤ ስፕላይን የሚባለውን ነፃ ኩርባ አያውቅም። ወደዚያ እትም ሲቀመጥ ኩርባው በደቃቃ ቀጥተኛ መስመሮች ይሰባበራል። ስንት ይሁኑ የሚለውን ለፕሮግራሙ ከተዉት አንዳንዱ ኩርባ ተሰብሮ እስኪታይ ድረስ ያሳንሳቸዋል፤ ሌላው ላይ ደግሞ ያለ ልክ ያበዛቸዋል። ሲበዙ ማሽኑ በየነጥቡ እየቀነሰና እየጨመረ፣ በኮረኮንች መንገድ ላይ እንደሚሄድ መኪና እየተንገጫገጨ ይሄዳል፤ በዘገየበት ሁሉ ብረቱ ይቃጠላል፤ ጠርዙ ይሻክራል። እኔ የመዛነፉን ልክ ራሴ እወስናለሁ። ለግማሽ ሜትር ሬዲየስ ከክቡ ከ0.1 ሚሊሜትር በላይ እንዳይርቅ ከተፈለገ ሙሉው ዙር 157 ያህል መስመር ይበቃዋል። አርክ የሆነው ግን በአር12ም ውስጥ አርክ ሆኖ ይሄዳል፤ ምንም አይሰበርም። ክቡን እንደገና ለመሣል የፈጀሁት ጊዜ እዚህ ላይ ዋጋውን ያገኛል።

እዚህ ላይ ከብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ጋር የምለያይበት ነገር አለ። «ጌጡ ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ነው፤ ሩቡን አጥርተሽ ሥይና በሚረር ገልብጪው» ይሉኛል። ሐረጉን ቀርቦ ያየ ሰው ግን ተመሳሳይ እንዳልሆነ ያውቃል። የግራው ኩርባ ትንሽ ይሰፋል፤ የቀኙ ጫፍ ትንሽ ይሾላል። ይህ የጸሐፊው እጅ ነው። ሩቡን ገልብጠን አራት ጊዜ ብናባዛው በሩ ላይ የሚወጣው የፋብሪካ ጌጥ ነው። ስለዚህ የበሩ ሁለት ክንፎች የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ መስመሮቹ በአሥረኛ ሚሊሜትር እንዲገጥሙ አስተካክላለሁ፤ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ያለውን ግን አልነካም። አውቶካድ ሁሉን ነገር ለማስተካከል ስለሚመች ብቻ ሁሉን ነገር ማስተካከል አያስፈልግም።

ጽሑፍ ሲኖር ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በተለይ የእኛ ፊደል። ዛሬም ብዙ የግራፊክ ቤቶች ዩኒኮድ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ በፊት በተሠሩ የግዕዝ ፎንቶች ይጽፋሉ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ተውሰው ነበር የሚጽፉት። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይከፈታል። የአውቶካድ የራሱ ፎንቶችም ግዕዝ ስለሌላቸው የጥያቄ ምልክት ይደረድራሉ። ጽሑፉ ከመላኩ በፊት ኢሉስትሬተር ውስጥ ክሪኤት አውትላይንስ በሚለው ትእዛዝ ወደ ቅርጽ መለወጥ አለበት። ለእርማት የሚሆን፣ ገና ጽሑፍ የሆነ ቅጂ ደግሞ ለብቻው ይቀመጣል፤ አንዴ ቅርጽ ከሆነ ፊደል ማረም አይቻልምና።

ከዚያ የሚመጣው የፊደሉ ሆድ፣ ማለትም በፊደሉ መስመር የተከበበው ቦታ ነው። አንድ ትምህርት ቤት «መዋዕለ ሕፃናት» የሚል ሰሌዳ ሌላ ቦታ አስቆርጦ፣ ሲሰቀል መነበብ አቃተው ብሎ ወደ እኛ አመጣው። ጽሑፉ ከላሜራው ላይ ተቆርጦ ሲወጣ የመ፣ የዋ፣ የዕ እና የፃ ዝግ ሆዶች የሚይዛቸው ስላልነበረ አብረው ወድቀዋል። የቀሩት ትልልቅ ቀዳዳዎች ነበሩ። ለእያንዳንዱ ዝግ ሆድ ከውጭው ላሜራ ጋር የሚያገናኝ ድልድይ ያስፈልገዋል። እኔ የድልድዩን ስፋት ከላሜራው ውፍረት አላሳንሰውም። ከስፋቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ቦታው ነው። የፃ አግድም መስመር ከቀለበቱ ጋር በሚገናኝበት ላይ ድልድይ ካደረግን መስመሩ ተቆርጦ ከሩቅ ዓ ይመስላል። ስለዚህ ለላይኛው ሆድ ከራሱ ላይ፣ ለታችኛው ከሥሩ አድርገን አግድሙን ሳይነካ ተውነው። ዕ አንድ ሆድ ብቻ ስላለው ከላይና ከታች ሁለት ድልድይ በቃው። እንደ ቤ እና ሌ ያሉ ኃምስ ፊደላት ካሉም እግራቸው ሥር ያለችው ትንሽ ቀለበት እንዳትረሳ፤ ከሁሉ ቀድማ የምትወድቀው እሷ ናት። በላቲን ፊደል የተዘጋጁ፣ ድልድዩ አብሮ የተሠራላቸው የስቴንስል ፎንቶች በሽ ናቸው፤ ለግዕዝ ግን ይህን በእጅ መሥራት ያለብን እኛ ነን።

የቀረው ጽዳት ነው። ሁለት ቅርጾች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የጋራ ዳርቻቸው ሁለት ጊዜ ተሥሎ ይመጣል፤ እሳቱም ሁለት ጊዜ ያልፍበታል። ኦቨርኪል የሚለው ትእዛዝ ድርቡን ያነሣል። ሊገጥሙ ጥቂት የቀራቸውን ጫፎች ፒኤዲት በሚለው ትእዛዝ ውስጥ ባለው ጆይን አገናኛለሁ። መዘጋቱን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ዝግ ቅርጽን በመስመር በሚሞላው ሐች በሚለው ትእዛዝ መሙላት ነው፤ ካልሞላ አንድ ቦታ ክፍት አለ። የወርክሾፑን ባለቤት ስለዚህ ጉዳይ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እሳቱ ከተነሣበት ካልተመለሰ ቁራጩ አይወርድም። ያኔ በመዶሻ እመታዋለሁ፤ ስመታው ላሜራው ይጣመማል» አሉኝ። «እንግዲያው ጋሼ፣ ክፍት ካገኙ ሳይቆርጡ ይደውሉልኝ» አልኳቸው። እሳቸውም በሩ በሚቆረጥበት ጠዋት ደውለው የጠየቁኝ ስለ ክፍት መስመር ሳይሆን፣ እሳቱ የሚነሣበት ነጥብ በየትኛው በኩል ይሁን ብለው ነበር። በሚወድቀው ቁራጭ በኩል ይሁን አልኳቸው፤ የመነሻው ጠባሳ ከቁራጩ ጋር ይሄዳል።

ዋናው ፋይል ጠፍቶ ፒዲኤፍ ብቻ ቀርቶ ከሆነም ተስፋ አይቆረጥም። ከአውቶካድ 2017 ጀምሮ ያሉት እትሞች በፒዲኤፍ ውስጥ ያለውን ቬክተር፣ ማለትም በመስመር የተሣለውን ሥዕል፣ ወደ አውቶካድ መስመር አውጥተው ይሰጣሉ። ፒዲኤፉ ስካን የተደረገ ወረቀት ከሆነ ግን በውስጡ መስመር የለም። በቴሌግራም ስትልኩም እባካችሁ በፋይል መልክ ላኩ፤ በፎቶ መልክ ሲላክ የሚደርሰኝ የተጨመቀ ምስል ነው።

ኢሉስትሬተርና አውቶካድ የሌላችሁ ተማሪዎች ይህን ሁሉ በነፃ ፕሮግራሞች መሥራት ትችላላችሁ። ኢንክስኬፕ ላይ ሣሉ፤ ጽሑፉንም ቅርጹንም ወደ ፓዝ፣ ማለትም ወደ መስመር፣ ለውጡ፤ ዲኤክስኤፍ አር14 ብላችሁ አስቀምጡ። ስታስቀምጡ መለኪያውን የሚጠይቃችሁ መስኮት ይከፈታል፤ ሚሊሜትር ምረጡ። ከዚያ ሊብሬካድ በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ከፍታችሁ ካሬዋን ለኩ። 100 ካለች ወደ ኩርባዎቹ ማለፍ ትችላላችሁ።